ያልተገነባው እቶን፦ እሳት፣ ሸክላና ብርጭቆ በወገራና በስሜን ግርጌ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል።)



ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ምጽዋ በሚዘልቀው የቅፍለት መንገድ ለብዙ ዘመናት ብርጭቆ ወደ አገራችን ሲገባ ኖሯል፤ ዶቃ ሆኖ፣ ብርሌ ሆኖ፣ መስታወት ሆኖ። በዚያው መንገድ ግራና ቀኝ ደግሞ ብረት የሚያቀልጡ፣ ሸክላ የሚተኩሱ፣ የእሳትን ጠባይ ከማንም አብልጠው የሚያውቁ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ብርጭቆውና እሳቱ በአንድ መንገድ ዳር እየተያዩ ሳይገናኙ የቀሩት ለምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «ዕውቀቱ ስላልነበረ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለተናጋሪው ምቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመርመር አያስፈልግምና። እኔ ግን ዕውቀት የሚለውን ቃል ከፋፍለን፣ የትኛው ክፍል እንደነበረና የትኛው እንዳልነበረ እናጣራ ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ብርጭቆ በእቶን ውስጥ እንዴት እንደሚዋሐድ ማወቅ ያስፈልጋል። የታሪክ ተማሪዎች ጥቂት ታገሡኝ።

በነገራችን ላይ የቋንቋችን አመል ራሱ ምስክር ነው። የዛሬው አማርኛ ለቁሱ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ስም የለውም። የምንጠጣበትን ብርጭቆ፣ የምንመለከትበትንና በመስኮት ያለውን መስታወት፣ የምናስቀምጥበትን ጠርሙስ፣ ጠጅ የምንቀዳበትን ብርሌ፣ በአንገት የሚታሠረውን ዶቃ ወይም ጨሌ እንላለን። ግእዙ «ማህው» የሚል ቃል ነበረው፤ በአፍ ንግግር ግን አልሰነበተም። ነገሩ ተሠርቶና ተጠናቅቆ ለሚደርሰው ሕዝብ የዕቃው ስም ይበቃዋል፤ የቁሱ ስም የሚያስፈልገው ቁሱን ለሚያበጀው ሰው ነው። ዛሬ ለአመቺነት ስል ቁሱን ሁሉ ብርጭቆ እያልሁ እጠራዋለሁ።

ብርጭቆ እንደ ብረት ወይም እንደ በረዶ በአንድ የታወቀ የሙቀት ነጥብ ላይ በድንገት አይቀልጥም። ሲሞቅ ቀስ በቀስ እንደ ሊጥ ይላላል። ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ የተሠራ ተራ ብርጭቆ 750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቁርጥራጮች ጠርዛቸው ይለሰልስና ይያያዛሉ፤ ቅርጻቸውን ግን አይለቁም። ከ800 እስከ 830 ሲደርስ ፈጽመው ተዋሕደው አንድ ሰሌዳ ይሆናሉ። የተዋሐደውን ሰሌዳ በሸክላ ቅርጽ ላይ አስቀምጦ እንደገና ቢያሞቁት በራሱ ክብደት ጎብጦ የቅርጹን መልክ ይይዛል። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ዋና መሣሪያቸው ሙቀትን በቁጥር የሚለካና የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ እቶን ነው፤ ከዚያ በቀር ጥቂት የብርጭቆ መቁረጫ፣ የሸክላ ቅርጽ፣ ብርጭቆው ከመደርደሪያው ጋር እንዳይጣበቅ የሚቀባ የነጭ አፈር ውሃ ይበቃቸዋል።

አስቸጋሪው ክፍል ማሞቁ አይደለም፤ ማብረዱ ነው። ብርጭቆ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ሙቅ ሆኖ ከቀረ፣ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ይዞ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ባይሰነጠቅ እንኳ ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይነካው ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ከ550 እስከ 500 ዲግሪ ባለው መሐል አቆይቶ፣ ውስጥና ላዩ እኩል እስኪሆን ማስከን፣ ከዚያም ለሰዓታት እያዘገሙ ማውረድ ግድ ነው። ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ቢዋሐዱና አንዱ ሲቀዘቅዝ ከሌላው ይበልጥ የሚኮማተር ቢሆን ደግሞ የቱንም ያህል ቢታገሡ መሰንጠቁ አይቀርም። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረታችን የሚናገረው ስለ ሰው ግንኙነት ነው፤ ቃል በቃል ከተወሰደ ግን ብርሌን ከገበያ ብቻ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። ለባለ እቶን የነቃ ብርሌ ጥሬ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ጌጦችን ይጠቅሳል፤ ከእነዚህም አንዱ ዲዮስጶሊስ በተባለችው የግብፅ ከተማ የሚሠራ፣ የከበረ ድንጋይ አስመሳይ ብርጭቆ ነው። ሊቃውንት ይህን አስመሳይ ዕቃ በዘመኑ ከታወቀው የኅብር ብርጭቆ ጋር ያያይዙታል። አሠራሩም ባለ ብዙ ቀለም የብርጭቆ ዘንግ እንደ ሙዝ እየተከተፈ፣ ክትፋቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በእቶን ውስጥ ተዋሕደው፣ በመጨረሻም በቅርጽ ላይ እንዲጎብጡ ይደረጋል። በእቶን የተዋሐደ ብርጭቆ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ የዚህ ጥበብ ፍሬ ወደ አክሱም ግዛት የመጣው ከዛሬ 1900 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በአክሱም መቃብሮችም የብርጭቆ ዋንጫዎችና ዶቃዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል።

ስሜንም ከዚህ ዓለም የተለየ አልነበረም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ ከወንዙ ማዶ በበረዶ በተሸፈኑ አስቸጋሪ ተራሮች ላይ የሚኖሩ «ሰመናይ» የተባሉ ሕዝቦችን እንዳስገበረ ይናገራል። ይህ ስለ ስሜን ካሉን እጅግ ጥንታዊ የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን ልዝለልና ወደ ጎንደር ዘመን ልምጣ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመሠረቱ በኋላ የምጽዋ መንገድ የመንግሥቱ ዋና የባሕር በር መተንፈሻ ሆነ። አሞሌ ጨው፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ባሪያም ጭምር በዚህ መንገድ ተመላልሷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በወገራ አልፎ ጎንደር የገባው ቴሌስኮፖቹንና የኮከብ መለኪያ መሣሪያዎቹን አስጭኖ ነበር። የዚያን መንገድ ቀጥነትና የኬላውን አስቸጋሪነት ከእርሱ መጽሐፍ እናነባለን። በጎንደር ቤተ መንግሥትም ከቬኒስ የመጡ መስታወቶች ይታወቁ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን የነገሥታት ነው። ለሕዝቡ የደረሰው በዋናነት ዶቃ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ሊማሊሞን በበቅሎ ለሚወጣ ነጋዴ መስታወት ጭንቀት ነው፤ ዶቃ ግን ቢወድቅ አይሰበር፣ ቦታ አይፈጅ፣ በክር ተቆጥሮ ይሸጣል። ብርሌ በሁለቱ መካከል ነው፤ ስለዚህም ብርሌ በቤቱ ያለው የተከበረ ሰው ሲሆን ብዙው ሕዝብ በቀንድ ዋንጫና በቅል ሲጠጣ ኖሯል።

በመንገዱ ዳር ስላሉት ባለ እሳቶች አሁን ልናገር። በወገራና በስሜን የሸክላና የብረት ሥራ በአብዛኛው በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ወንዶቹ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ሸክላ ሠሪዋ ያለ መዘውር፣ በእጇ ጭቃውን እያዞረችና እየደራረበች እንስራውን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን ታነሣለች፤ በጠጠር ታልገዋለች፤ በጥላ ታደርቀዋለች፤ በመጨረሻም ሜዳ ላይ እንጨትና ኩበት ደርድራ፣ በጭድ ሸፍና ትተኩሰዋለች። እንዲህ ያለ ግልጽ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። አንጥረኛው ደግሞ በወናፍ እየነፋ የብረቱን አፈር በከሰል ሲያቀልጥ ከ1100 ዲግሪ በላይ ሄዷል። ከምድጃው ሥር እየቀለጠ የሚወርደው ጥቁር ዝቃጭ ራሱ ከፊሉ ብርጭቆ ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ በዚህ አገር ብርጭቆ በየምድጃው ይፈጠር ነበር፤ ሰው የፈለገው ግን ብረቱን ስለነበር ይጣል ነበር።

አንድ ጓደኛዬ የሆነ የፊዚክስ መምህር ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እሳቷ ይደክማል ሲል ሞግቶኛል። እውነት ነው፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ይሁንና አንጥረኛው ለዚህ ወናፍ አለው፤ ብረቱም ቀልጧል። ስለዚህ ሙቀት አልጎደለም። አንድ የዳባት ሸክላ ሠሪ በእንስራዋ መሐል የተሰበረ ብርሌ ጨምራ ብትተኩስ ቁርጥራጮቹ ሊዋሐዱ ይችሉ ነበር።

የጎደለው ማስከኑ ነው። ግልጽ እሳት ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይወድቃል፤ ነፋስ ባለበት የወገራ ሜዳ ደግሞ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ይለያያል። ሻካራ አፈር የተቀላቀለበት ምጣድ ይህን ይችላል፤ እንዲያውም የተሠራው ድንገተኛ ሙቀት እንዲችል ነው። ወፍራም የብርጭቆ ሳህን ግን አይችልም። ሙቀትን አምቆ የሚያቆይ፣ ግድግዳና ክዳን ያለው እቶን ያስፈልገዋል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ መልሳችን «እቶን ስላልነበረ» ይሆን ነበር። ግን አያልቅም። በጋና የሚኖሩት ክሮቦዎች ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ሰብረው፣ እንደ ዱቄት ፈጭተው፣ በሸክላ ቅርጽ ጉድጓዶች ውስጥ እየሞሉ፣ በትንሽ የጭቃ እቶን ተኩሰው ዶቃ ያወጣሉ። ቅርጹን በነጭ አፈር ውሃ ይቀቡታል፤ ለክሩ ማለፊያ ቀዳዳ የሚሆነውን የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ያቆሙበታል፤ ዘንጉ በእሳቱ ተቃጥሎ ይጠፋና ቀዳዳው ይቀራል። ዶቃው ትንሽ ስለሆነ ውስጡና ላዩ አብረው ይቀዘቅዛሉ፤ ረጅም ማስከን አይፈልግም። የክሮቦ ዶቃ ሠሪ መሣሪያዎች ምንድን ናቸው? ጭቃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ፣ ነጭ አፈር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በወገራ የማይገኝ የለም። የወገራ ሸክላ ሠሪ የምትችለው ነገር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መልሱን ከእሳቱ ውጭ መፈለግ ይኖርብናል።

ከፊሉ መልስ ንግድ ነው። በክሮቦዎች ዘንድ ዶቃ የሴት ልጅ ወደ አካለ መጠን የመድረስ ሥርዓት ማዕከል ስለሆነ የራሳቸውን መልክና ቀለም ይሻሉ። በእኛ ደጋ ክርስቲያን ማተቡን በክር ያስራል፣ ሀብታሙ ብር ያሠራል፤ ዶቃ ለሕፃናት፣ ለጌጥና ለዛር ጨሌ ነው። የቬኒስ ዶቃ ርካሽ ሆኖ እየመጣ ማን ይደክማል? ጥሬ ዕቃውም አይረሳ። ስሜን የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው፤ ንጹሕ ነጭ አሸዋ በደጃፉ የለም። የተሰበረ ጠርሙስ በብዛት የተገኘውም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ሌላው ከፊል ግን የመሬት ጉዳይ ነው፤ ይህን ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። ዐፄ ይስሐቅ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወገራ ኮሶጌ ላይ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ የሚከለክል አዋጅ እንዳወጡ በትውፊትና በኋላ በተጻፉ ምንጮች ይነገራል። የስሜን ቤተ እስራኤል ግን በተራሮቻቸው ላይ ራሳቸውን ችለው እስከ ዐፄ ሠርጸ ድንግልና እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቆይተዋል። በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. መሪያቸው ጌዴዎን ከተገደለ በኋላ ይህም አከተመ። ርስት የሌለው ሰው የሚኖረው በእጁ ሥራ ነው። እሳት ሥራው ሆነ፤ እሳቱም ስም አወጣለት። «ጠይብ» የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆነ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው ተባለ። የጎንደርን ግንብ ያነሣ እጅ ከገበሬው ማዕድ ጋር እንዳይገናኝ ተከለከለ።

እንግዲህ እቶንን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። እቶን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ቋሚ ሕንፃ ነው። ሠሪው ዓመት ዓመት እየጠገነ፣ እንጨት እያከማቸ፣ ለልጁ የሚያወርሰው ነው። በባለ ርስት ፈቃድ በሰው መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ነገ ልጅ ታመመብኝ ባለ ጎረቤት ክስ የሚነሣ ሰው ለምን ግንብ ይገነባል? ግልጽ እሳት ግን አመድ ብቻ ጥሎ ይሄዳል። ወናፍና ጉጠት በአህያ ይጫናሉ።

ይህን ንባብ የሚቃወም ይኖራል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። በብዙ የአፍሪካ ክፍሎች መሬት ያላቸው ሸክላ ሠሪዎችም ያለ እቶን ይተኩሳሉ፤ ለምጣድና ለድስት ግልጽ እሳት ማገዶ ቆጣቢና ተስማሚ ነው፤ እቶን ከእርሱ «የላቀ» አይደለም። በዚህ እስማማለሁ። ሸክላን በተመለከተ እቶን አለመኖሩ ጉድለት አልነበረም። እኔ የምለው ከሸክላ ወደ ሌላ ነገር የሚያሸጋግረው ሙከራ፣ ማለትም ዛሬ ምንም የማያስገኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚከሽፍ፣ ትርፍ ጊዜና የተረጋጋ ቦታ የሚጠይቅ ሙከራ፣ በዚያ ኑሮ ውስጥ ቦታ አልነበረውም ነው።

የጋፋት ታሪክ ለዚህ ይረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እዚሁ ስሜን ደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን ቦታ፣ ማገዶ፣ ሠራተኛና ጥበቃ ሰጥተው ነበርና ተደገመ፣ ተሳካ፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ብዙ ጊዜ ጋፋት ሲነሣ የምናመሰግነው ወይም የምናዝነው በአውሮፓውያኑ ዕውቀት ላይ ነው። ልብ ያላልነው መክሸፍ የተፈቀደላቸው መሆኑን ነው። ያን ያህል ትዕግሥት ለአንድ የወገራ አንጥረኛ የሰጠ መንግሥት ከዚያ በፊት አላውቅም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይመሰክራል። በወገራና በስሜን መንደሮች ግን ነገሩ በአዋጅ አልተቋጨም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሳቱም አብሮ ሄደ። በጎንደር አጠገብ ወለቃ ዛሬም ሸክላ ይሠራል፤ ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎችም ይታያሉ። ነገር ግን በየመንደሩ ምጣድ የምትተኩሰው ሴት የት አፈር እንደምትቆፍር፣ በምን ያህል ኩበት እንደምትሸፍን፣ ዝናብ ሲመጣ እንዴት እንደምታድን የሚያውቁት ብዙዎቹ አሁን የሚገኙት ከዚህ በጣም ርቀው ነው፤ አርጅተዋልም።

በእነርሱ ምትክ ሜዳው ላይ የቀረ ነገር አለ። የብረት ዝቃጭ አይበሰብስም። በእርሻ ዳር፣ በወንዝ አፋፍ፣ ልጆች «ጥቁር ድንጋይ» እያሉ ለወንጭፍ የሚለቅሙት ከባድ፣ አረፋ የመሰለ ቁራጭ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። የሸክላ መተኮሻ ቦታም ቀይ ሆኖ በተቃጠለ አፈርና በገል ክምር ይታወቃል። አሁን የከተሞቻችን መስፋፋት፣ የመንገድና የቤት ሥራ እነዚህን ቦታዎች በፍጥነት እየሸፈነ ነው። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው በጋ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የዝቃጭ ክምሮችን በካርታ ማስፈር ጀምረዋል ብላችሁ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ከቤተሰባችሁ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትልቀሙት፤ ባለበት ተዉትና የመሬቱን ስም ይዛችሁ ኑ። የመሬቱ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ «ጠይብ ሰፈር»፣ «አመድ ሜዳ» ያለው ቦታ ሁሉ መታየት አለበት።